የመዝናኛ ሐይቁ ግድብ ይፈርስ ይሆን?

ሐምሌ አጋማሽ፣ እሑድ ከሰዓት። ደቡብ ወሎ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። ስሟን አልጠራም። ሁለት ጀልባ፣ አንድ ሻይ ቤት፣ ጋዋን ለብሰው ፎቶ የሚነሡ ተመራቂዎች። ከግድቡ አንድ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ የሲሚንቶ ቦይ አለ። የቦዩ አፍ ላይ አሸዋ የሞሉ ማዳበሪያዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል።

«አያ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«ውሃው ዝም ብሎ እንዳይፈስ ነዋ። ጀልባው መሬት እየነካ ተቸገርን።»

«ግድቡን አይጎዳውም?»

«አብሽር! ስንት ክረምት አልፎበታል።»

ሰውየው ክፉ አላሰቡም። በየክረምቱ «እዚህ ቦታ ያለው ግድብ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲዞር ብዙዎቻችን የምንሄደው ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ፍለጋ ነው። እኔን ግን ከስንጥቁ በላይ ያሳሰቡኝ እነዚያ ማዳበሪያዎች ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከግድቡ አሠራር መጀመር ይሻላል።

ሐይቅ ነው ወይስ ግድብ?

በእኛ አገር «ሐይቅ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖሱ ውሃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ አለ። ሁለቱንም ተፈጥሮ ጎድጓዳ መሬት ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ ያቆማቸው ራሱ ምድሩ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የተፈጥሮ ሐይቅ «ይፈርሳል ወይ?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። ሐይቅ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ለሌላ ነገር፣ በተለይ ዋና ሳይችል ጀልባ ላይ ለሚዘል ጎረምሳ ነው።

ሰው ሠራሹ ግን ሌላ ነው። ጅረት የሚወርድበትን ሸለቆ ጠባቡ ቦታ ላይ በአፈር ዘግተው ውሃውን ከኋላ ያጠራቅሙታል። የተፈጥሮው ሐይቅ ገበቴ ውስጥ እንደተቀመጠ ውሃ ነው፤ ይኼኛው ተዳፋት ላይ በክንድ ታቅፎ የቆመ ውሃ ነው። ክንዱ ከላላ መሄጃው የታወቀ ነው፦ ወደ ታች፣ ድሮ ጅረቱ ይሄድበት በነበረው መንገድ። ያ መንገድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ቤት ተሠርቶበታል፣ ጫትና ሽንኩርት ተተክሎበታል።

ትንሽ ከሆነ ምን ያስፈራል?

ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» የሚለው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው፤ ከ5 እስከ 15 ሜትር ያለውም ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ከያዘ ይካተታል። ከዚያ በታች ያለው ትንሽ ይባላል። ትንሽ መባሉ ግን የሚከታተለው መሐንዲስና መለኪያ መሣሪያ እንዳይኖረው ከማድረግ በቀር ውሃውን አያቀለውም።

እስቲ እናስላው። ስፋቱ 3 ሄክታር፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ 90 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። 90 ሺህ ቶን ማለት ነው፤ አምስት አምስት ቶን የጫኑ 18 ሺህ አይሱዙዎች። ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁልቁል ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ታይቷል። ኬንያ ውስጥ ሶላይ በተባለ ቦታ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። 

አፈር እንዴት አድርጎ ውሃ ያቆማል?

ከውጭ ሲታይ የሣር ኮረብታ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንብርብር ነው። መሃሉ ላይ በየድርድሩ እየተረገጠ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር አለ፤ ውሃውን የሚያግደው እሱ ነው። በግራና በቀኙ ያለው ጠጠርና ድንጋይ የበዛበት አፈር በክብደቱ ይደግፈዋል። በውሃው በኩል ያለው ፊት ማዕበል እንዳያጥበው ድንጋይ ይነጠፍበታል። በደረቁ በኩል፣ ግርጌው አካባቢ፣ አሸዋና ጠጠር በተርታ ይቀበራል፤ ማጥሊያ ነው። የጠላ ማጥለያ አተላውን አስቀርቶ ጠላውን እንደሚያሳልፈው፣ ይኼም ሰርጎ የመጣውን ውሃ አሳልፎ አፈሩን ያስቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ግድቡን የሚገፋው የሐይቁ ስፋት ሳይሆን ጥልቀቱ ነው። ግድቡ ጋ 8 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ፣ ኩሬው አንድ ሄክታርም ይሁን መቶ፣ በእያንዳንዱ የግድቡ ሜትር ርዝመት ላይ 32 ቶን ያህል ይገፋል። «ትንሽ ከፍ እናድርገው፣ ውሃው ይጨምርልን» ተብሎ ጥልቀቱ 10 ሜትር ቢሆን ግፊቱ ወደ 50 ቶን ይደርሳል። ሁለት ሜትር ጨምረን ከግማሽ በላይ ሸክም ጫንበት ማለት ነው።

ያ የሲሚንቶ ቦይ ምን ይሠራል?

ማስተንፈሻ ይባላል። ግቢያችሁ ውስጥ ሮቶ ካለ ከአናቱ ዝቅ ብሎ የምትወጣዋን ቀጭን ቱቦ አስቡ። ሲሞላ ትርፉ በእሷ ይወርዳል። ያችን ቱቦ ብትደፍኗት ውሃው በክዳኑ በኩል ገንፍሎ በሮቶው ጎን ይፈስሳል። ሮቶ ፕላስቲክ ስለሆነ ምንም አይሆንም። የአፈር ግድብ አናት ላይ ውሃ ሲያልፍ ግን አፈሩን እየላጠ ይወርዳል። መጀመሪያ እንደ ጣት የቀጠነች ቦይ፣ ከዚያ እንደ ክንድ፣ ከዚያ በር። አሜሪካ ውስጥ ከፈረሱት ግድቦች ሲሶ ያህሉ የፈረሱት በዚህ መንገድ ነው።

በማስተንፈሻው ወለልና በግድቡ አናት መካከል የሚተወው ባዶ ከፍታ የተረሳ ቦታ አይደለም። ለከባዱ ዶፍ የተቀመጠ ቦታ ነው። ስሌቱ ይኸው፦ ወደ ሐይቁ የሚያፈስሰው ተራራማ መሬት 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሁለት ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ቢገባ፣ ግማሹ ጎርፍ ሆኖ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ይመጣል። ቀደም ብለን ያሰላነው ኩሬ በሙሉ 90 ሺህ ነበር። አንድ የነሐሴ ማታ ከራሱ ከሐይቁ የበለጠ ውሃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሐይቁ አስቀድሞ ሙሉ ከሆነ ያ ሁሉ ማለፍ ያለበት በማስተንፈሻው ነው፤ በሰከንድ 14 ሺህ ሊትር ያህል።

የመዝናኛ ሐይቅ ከመስኖ ግድብ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። የመስኖው ከጥቅምት እስከ ግንቦት እየተቀዳ ይጎድላል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሚቀበል ባዶ ሆድ ይዞ ይጠብቃል። የመዝናኛው ግን የጎደለ ዕለት ጭቃው ይታያል፣ ጀልባው ይቆማል፣ ሻይ ቤቱ ይዘጋል። ባለቤቱ ሁልጊዜ ሞልቶ እንዲታይለት ይፈልጋል። ስለዚህ ክረምቱን የሚቀበለው ጠግቦ ነው።

የዚህን ፍላጎት ዋጋ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ የውጫሌ ውል ተፈረመ። ወር ሳይሞላ፣ ከእኛ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ፣ ሳውዝ ፎርክ የተባለ ግድብ ፈረሰ። ግድቡ 22 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። ሐይቁ የሀብታሞች ዓሣ ማጥመጃና መዝናኛ ክበብ ነው፤ የብረቱ ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ሳይቀር አባል ነበር። ውሃውን ከታች ማስወጫ ቱቦዎቹ ቀደም ሲል ተነቅለው ተሸጠዋል፤ የተካቸው የለም። ሠረገላ እንዲያልፍ ተብሎ የግድቡ አናት ዝቅ ተደርጓል። ያስመጡት ዓሣ እንዳያመልጥ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት አቆሙ። ዝናቡ ሲመጣ ወንፊቱ በቅጠልና በግንድ ተደፈነ። ውሃው በአናቱ አለፈ። 23 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጆንስታውን ከተማን ሲመታ 2,209 ሰዎች ሞቱ።

ወንፊቱን ያቆመ ሰው ያሰበው ዓሣውን ነበር። የእኛዎቹ ማዳበሪያዎችም የተደረደሩት ለጀልባ ነው።

ግን እኮ ጀልባው መሬት ይነካል?

አዎ፣ ይነካል። ውሃው ስላነሰ ግን ላይሆን ይችላል። ከላይ ያለው ተራራ እርከኑ ፈርሶ፣ ሣሩ ተግጦ ከሆነ በየክረምቱ የሚወርደው ጎርፍ ግማሹ ጭቃ ነው። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይረጋል፤ ደለል ይሆናል። ከታች አንድ ሜትር ደለል ሲተኛ ባለጀልባው ከላይ አንድ ሜትር ውሃ የጎደለ ይመስለዋል። መፍትሔው ከላይ እርከንና የተከለለ መሬት፣ በበጋ ደግሞ ደለሉን ጠርጎ ማውጣት ነው፤ አድካሚና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፣ እውነት ነው። ማዳበሪያ መደርደር ቀላል ነው፤ የሚበላው ግን ለጎርፍ የተተወውን ባዶ ከፍታ ነው።

ግድቡ ውሃ ካሰረገ አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም። የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ ጀበና እንኳ መጀመሪያ ያልባል። ቁም ነገሩ የሚወጣው ውሃ ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። ከግርጌው ኩልል ያለ ውሃ፣ በየዓመቱ መጠኑ ሳይለወጥ፣ ሲንጠባጠብ ከኖረ ማጥሊያው ሥራውን እየሠራ ነው። የደፈረሰ ውሃ ከወጣ ግን ውሃው አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ የግድቡን ሆድ እየበላ ነው። የበላው ቦታ ይሰፋል፣ ብዙ ውሃ ያልፋል፣ ብዙ አፈር ይወስዳል፣ ጉድጓዱ ወደ ኋላ ወደ ሐይቁ እየተሳበ ይሄዳል። ከውጭ ሣሩ እንደለመለመ ነው።

ፍጥነቱን ለመገመት የአሜሪካውን ቴተን ግድብ እንውሰድ። 93 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ግድብ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ታየበት። እኩለ ቀን ሳይሆን ፈረሰ። 11 ሰዎች ሞቱ። ብዙ ሕዝብ የተረፈው ጠዋት የታየው ነገር ቶሎ ስለተነገረ ነው።

ለውሃው መንገድ የሚከፍቱለት ብዙ ናቸው። ፍልፈል አንዱ ነው። በበጋ ዋልካ አፈር እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በዋልካ የተሸፈነ ግድብ ሣሩ ከደረቀ እንዲሁ ይሆናል። ዛፍም አለ። እዚህ ላይ በየሐምሌው ችግኝ ተሸክመን ለምንወጣ ሰዎች አንድ ነገር ልናገር፦ የግድቡ ገላ ላይ ዛፍ አይተከልም። ባሕር ዛፍም፣ ጥድም፣ ግራቪሊያም ቢሆን። ሥሩ አፈሩን ይፈለቅቃል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲሞት ሥሩ በስብሶ ባዶ ቱቦ ይተዋል፤ ነፋስ ሲጥለው ደግሞ ከነሥሩ አፈሩን ነቅሎ ይወድቃል። ለግድብ ሣር ይበቃዋል፤ ያውም አጠር ተደርጎ የታጨደ፣ ቀዳዳ ቢኖር እንዲታይ። ችግኙ ከሐይቁ በላይ ባለው ተራራ ላይ ቢተከል ደለሉንም ይቀንሳል።

«ስንት ክረምት አልፎበታል» መተማመኛ ይሆናል?

በከፊል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለፈ ግድብ አንዱን ትልቅ ፈተና አልፏል። ከዚያ በኋላ ግን የቆየበት ዘመን ለሚመጣው ክረምት ምንም ዋስ አይሆንም፤ ያልመጣበት ዝናብ ገና አልመጣበትም። ደርና ከተባለችው የሊቢያ ከተማ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ናቸው። እኛ ለአዲስ ዓመት ዶሮ በምንገዛበት፣ በጳጉሜን 5 ለ6 ሌሊት 2015 ዓ.ም.፣ ዳንኤል የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ሁለቱንም ጠራረገ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ።

ግድቡ ባለበት ቢቆም እንኳ ዙሪያው ይለወጣል። ሜዳ የነበረው ላይ ቆርቆሮ ቤትና ኮብልስቶን ሲበዛ ዝናቡ አይሰርግም፤ በሙሉ ይወርዳል። ከ20 ዓመት በፊት ይበቃ የነበረ ማስተንፈሻ ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

የመሬት መንቀጥቀጥስ?

ወሎ የስምጥ ሸለቆው ከንፈር ላይ ነው ያለው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ሲበረታ እዚያው አቅራቢያ ስላለው ከሰም ግድብ የተነሣውን ስጋት ሁላችንም እናስታውሳለን።

በደንብ የተጠቀጠቀ የሸክላ ግድብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይቆማል። የሚፈራው ላላ ያለ፣ በውሃ የራሰ አሸዋማ አፈር ነው፤ ሲናወጥ እንደ ገንፎ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታችኛው ሳን ፈርናንዶ ግድብ ላይ ይኸው ሆነ፤ አናቱ ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ከግድቡ በታች 80 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። ውሃው አልፈሰሰም። ምክንያቱም የዚያን ቀን ሐይቁ ሙሉ አልነበረም፤ ከአናቱ 10 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ከመንሸራተቱ በኋላ የቀረው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሕዝቡን ያዳነው ያ የጎደለ ውሃ ነው።

«ከፍተኛ አደጋ ያለው ግድብ» ከተባለ ሊፈርስ ነው ማለት ነው?

ይህ ቃል በየዜናው ሰውን ያስደነግጣል። መሐንዲሶች «ከፍተኛ አደጋ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ግድቡ ጤንነት አይደለም። ቢፈርስ ሰው ይሞታል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በጣም ጠንካራ ግድብ ከበታቹ ከተማ ካለ ከፍተኛ ይባላል፤ የወላለቀ ግድብ ከበታቹ ጫካ ብቻ ካለ ዝቅተኛ ሊባል ይችላል። ግድቡ ሳይነካ ደረጃው ከፍ ሊልም ይችላል፤ ከበታቹ አሥር ቤት ከተሠራ ይበቃል።

ካሳሰበን ለምን አሁኑኑ አናፈስሰውም?

በድንገት ማፍሰስ ራሱ ግድብ ሊያፈርስ ይችላል። በውሃው በኩል ያለው ገላ ለዓመታት ርሷል፤ ውሃው ከፊቱ ሆኖ ይደግፈዋል። ያን ድጋፍ በአንድ ቀን ብታነሱበት ውስጡ የቀረው ውሃ ክብደት ሆኖ ቁልቁል ይንደዋል። የሚፈስሰው ቀስ በቀስ፣ በግርጌው ማስወጫ፣ በየዕለቱ እየተለካ፣ ባለሙያ ቆሞ ነው። ለዚህ ነው በበጋ አንዴ እንኳ ያ ማስወጫ በር ተከፍቶ መሞከር ያለበት። ብዙ ቦታ ዝጎ ተጣብቆ የሚገኘው በተፈለገ ዕለት ነው። «ማስተንፈሻውን እናስፋው» ብሎ በዶማ አናቱን መቆፈርም ያው ነው፤ ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ይጀምራል።

ምን ባይ፣ ለማን ልንገር?

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እንዲህ ያለ የውሃ ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ደንግጓል። ስለዚህ ማንኛውም ግድብ ባለቤትና ፈቃድ ሰጪ ሊኖረው ይገባል። እናንተ መጀመር የምትችሉት ከቀበሌና ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቀኑን የያዘ ፎቶ ከአፍ ወሬ ይሻላል። አናቱ ላይ ውሃ ሲያልፍ ወይም ግርጌው ላይ ጭቃ ሲፈላ ካያችሁ ግን ቢሮ አትፈልጉ። ከታች ላሉት ጮኻችሁ ንገሩ፤ በሸለቆው ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው እንዲወጡ።

ጥበቃውን ሁለተኛ ጊዜ ሳገኛቸው ከማዳበሪያዎቹ ስድስቱ ተነሥተዋል፤ ሌሎቹን «አለቃ ይወስን» አሉኝ። አብረን ወደ ግርጌው ወረድን። ከቄጤማው መሃል ጣት የምታህል ውሃ ትወጣለች። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ደቅነን በስልኬ ሰከንድ ቆጠርን፤ 41 ሆነ። ክዳኑን ዘግተው ዘበኛ ቤታቸው መስኮት ላይ አቆሙት። ጠዋት ከሥሩ አፈር ረግቶ ከሆነ ሊደውሉልኝ ተስማማን፤ በየሳምንቱም ሰከንዱን ደብተር ላይ ሊጽፉ። «41 ነው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁኝና መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።